ጥቁር ወርቅና የእርዳታ ስንዴ

«ብላክ ጎልድ» የተባለውን ዘጋቢ ፊልም ሰሞኑን እንደገና አየሁት። ማርክና ኒክ ፍራንሲስ የተባሉ እንግሊዛውያን ወንድማማቾች ሠርተውት እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ነው። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ የነበሩት አቶ ታደሰ መስቀላ ለገበሬው ደህና ዋጋ የሚከፍል ገዢ ፍለጋ ሲንከራተቱ ይከተላቸዋል። መጀመሪያ ያየሁት ጊዜ ተናድጄ ወጣሁ። አሁንም ተናደድኩ፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው።

አቶ ታደሰ ለገበሬዎቹ አንድ ስኒ ቡና ባሕር ማዶ ስንት እንደሚሸጥ ይነግሯቸዋል። ከአንድ ኪሎ 80 ስኒ ይወጣል፤ አባዙት ነው ነገሩ። እውነቱን ለመናገር ስሌቱ ጥሬ ነው። እዚያ ስኒ ውስጥ ወተቱም፣ የቤት ኪራዩም፣ የአስተናጋጇ ደመወዝም አለ። ግን ያን ትዕይንት እያየ ይህን የሚያስብ ማን አለ? እኔም አላሰብኩም።

ከዚያ ፊልሙ ሜክሲኮ ይገባል፤ በመስከረም 2003 ያለ ስምምነት ወደተበተነው የዓለም ንግድ ድርጅት የካንኩን ስብሰባ። ሀብታሞቹ አገሮች ለገበሬዎቻቸው የሚሰጡትን ድጎማ ይቀንሱ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነበር። ቤኒን፣ ቡርኪና ፋሶ፣ ቻድና ማሊ የጥጥ ድጎማው ገበሬያችንን ጨረሰው ብለው አቤት ያሉት እዚያ ነው። ቡናስ? አሜሪካ እኮ (የሃዋይዋን ጥቂት ካልቆጠርን) ቡና አምራች አይደለችም፤ አውሮፓማ ጭራሹን። የቡናን ዋጋ የጣለው ነገር የጀመረው ከካንኩን 14 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 1989 የዓለም ቡና ስምምነት ኮታ ሲፈርስ ነው። ኋላ ቬትናም ምርቷን አበዛች፤ ገበያው ተጥለቀለቀ።

ድጎማው እኛ ቤት የሚገባው በስንዴ በኩል ነው። አሜሪካ ከራሷ ገበሬ የገዛችውን እህል በእርዳታ ስም ትልካለች። ፊልሙ ይህን ክር ይዞት ነበር። ሲዳማ ውስጥ፣ ቡና በሚበቅልበት አገር፣ አንድ የከሳ ሕፃን መመገቢያ ጣቢያ ይመጣና «ገና በደንብ አልከሳም» ተብሎ ይመለሳል። ከካንኩን ንግግር ሁሉ ይህች ትዕይንት ትበልጣለች። ገበሬው ቡናውን ነቅሎ ጫት ሲተክል የሚያሳየውም እንዲሁ።

ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። ቡና ለቃሚዎቹን ሴቶች ታስታውሷቸዋላችሁ? ቀኑን ሙሉ ፍሬ በፍሬ ይለቅማሉ፤ የሚያገኙት ግማሽ ዶላር እንኳ አይሞላም። ካሜራው ያሳየናል፣ ያልፋል። የእነሱን ክፍያ ሲያትልም፣ ካንኩንም አልወሰኑትም። እዚሁ ነው የተወሰነው፣ በእኛው ሰው። እኛም ፊልሙን አይተን ፈረንጁን ረግመን ወደ ቤታችን ሄድን። ስንገባ ቡና ፈላልን።

በየካቲት 2025 የቡና ዋጋ ኒውዮርክ ላይ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። ፊልሙ ሲቀረጽ ከነበረው ስንት እጥፍ ነው! አሁን ካሜራ የሚይዝ ቢገኝ ካንኩን ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። የአንዱን መጋዘን በር ከፍቶ ሴትየዋን ዛሬ ስንት ተከፈለሽ ቢላት ይበቃል።