መላሽ ያጣ ሰላምታ

ሰሞኑን ከደብሊን ስጦታ መጥቶልኛል፤ አንድ ኩባያና ኪስ ውስጥ የምትገባ ቀጭን መጽሐፍ፡፡ ያመጣችልኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት፡፡ ነርስ ሆና አየርላንድ ከገባች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፡፡ «ጋሼ፣ እርስዎ የቋንቋ ነገር ስለሚወዱ ነው» አለችኝ፡፡ ኩባያው ላይ በአረንጓዴ ቀለም የተጻፈ ነገር አለ፡፡ ምን እንደሚል ብጠይቃት ሳቀች፡፡

«እሱን እንኳ እንጃ ጋሼ፡፡ ሆቴሉም፣ መጠጥ ቤቱም፣ ሱቁም ላይ ተጽፏል፡፡ ተጽፎ አያለሁ እንጂ ሰው ሲናገረው ሰምቼ አላውቅም፡፡»

መልሱ የመጣው ካልጠበቅነው ቦታ ነው፡፡ እዚያው ተወልዳ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የሆነችው ልጇ ኩባያውን ከእጄ ወሰደችና «ኬድ ሚለ ፎልቻ» ብላ አነበበችው፡፡ መቶ ሺህ ጊዜ እንኳን ደህና መጣህ ማለት ነው፡፡ ለካ የአየርላንድ ትምህርት ቤቶች አይሪሽን፣ ማለትም የአገሬውን ጥንታዊ ቋንቋ፣ ለልጆች ያስተምራሉ፡፡ እናቲቱ የማታውቀውን ልጅቱ ታውቀዋለች፡፡ ነገሩን እዚህ ላይ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ፡፡

መጽሐፏን በአንድ ቁጭታ ጨረስኳት፡፡ የአየርላንዶችን የየዕለት ሰላምታና አባባል እየደረደረች ከጎኑ ትርጉሙን በአንድ መስመር ትሰጣለች፡፡ ቱሪስት ሒሳብ እስኪከፍል ቆሞ ገልበጥ ገልበጥ የሚያደርጋት ዓይነት ናት፡፡ ትንሽ መጽሐፍ ላይ ትልቅ ዱላ አታንሳ የምትሉኝ ትኖራላችሁ፡፡ እኔ ግን የአንድ ሕዝብ ሰላምታ እንዴት እንደሚሸጥ ስላሳየችኝ ዝም ልላት አልቻልኩም፡፡

የመጀመሪያው ስሕተቷ ሦስት የተለያዩ እህሎችን በአንድ ጆንያ መክተቷ ነው፡፡ አንደኛው ራሱ አይሪሽ ነው፡፡ ሁለተኛው አየርላንዶች የሚናገሩት እንግሊዝኛ ነው፤ ቃሉ እንግሊዝኛ ይሁን እንጂ አጥንቱ ብዙ ጊዜ አይሪሽ ነው፡፡ ሦስተኛው ደግሞ አየርላንዳዊ የማይናገረው፣ ፊልምና ማስታወቂያ በአየርላንዳዊ አፍ ውስጥ የከተቱት ነው፡፡ «ቶፕ ኦፍ ዘ ሞርኒንግ» የሚባለው ሰላምታ ከዚህ ከሦስተኛው ወገን ነው፡፡ ደብሊን መንገድ ላይ ቢሉት ሰው ዘወር ብሎ ያያችኋል እንጂ አይመልስላችሁም፡፡ መጽሐፏ ግን በመጀመሪያው ገጽ ላይ አኑራዋለች!

ሁለተኛው ስሕተት ይከፋል፡፡ መጽሐፏ የቃሉን ፍቺ ትነግረንና ማን ለማን እንደሚለው፣ የተባለውም ሰው ምን ብሎ እንደሚመልስ ትተወዋለች፡፡ ሰላምታን ያለ መልሱ መተርጎም የድልድይን ግማሽ ሠርቶ መሄድ ነው፡፡

ምሳሌ ልስጥ፡፡ የአይሪሽ ዋናው ሰላምታ «ዲያ ግዊት» ነው፡፡ ቃል በቃል «እግዚአብሔር ላንተ» እንደማለት ሲሆን «እግዚአብሔር ይባርክህ» ከሚለው ያጠረ ነው፡፡ መጽሐፏ «ሄሎ» ብላ ተርጉማ አለፈችው፡፡ የሰላምታው ውበት ግን በመልሱ ላይ ነው፡፡ የተባለው ሰው ያንኑ አይደግምም፤ «ዲያስ ሙዊራ ዲት» ይላል፤ «እግዚአብሔርና ማርያም ላንተ» ማለት ነው፡፡ በቆየው ልማድ ነገሩ ከቀጠለ ቅዱስ ፓትሪክ ይጨመራል፡፡ የሰጠኸኝን ጨምሬ እመልስልሃለሁ ነው ነገሩ፡፡ ምርቃት በወለድ ይመለሳል ማለት ነው፡፡ ምስጋናውም እንዲሁ ነው፡፡ «ጎ ረቭ ማሃ አገት» ይላሉ፤ «መልካም ነገር ይኑርህ» እንደማለት፡፡ አመሰገንኩህ ብሎ ስለ ራሱ አያወራም፤ ለሌላው ይመኛል፡፡ እኛም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ስንል የምናደርገው ይህንኑ ነው፡፡

ስንብቱን ደግሞ ተመልከቱ፡፡ ለሚሄደው «ስሎን ላት»፣ ለሚቀረው «ስሎን አገት» ይባላል፡፡ «ስሎን» ደህንነት ነው፤ ለሚሄደው አብሮት ይሂድ፣ ለሚቀረው እሱ ዘንድ ይቅር ነው ሐሳቡ፡፡ መጽሐፏ ሁለቱንም «ባይ» ብላለች፡፡ «ደህና ግባ»ንና «ደህና ሰንብት»ን አንድ ነው ብሎ የሚያስተምር ሰው ቢመጣ ምን እንለዋለን?

አይሪሽ ከአማርኛ ጋር በዘር አይገናኝም፡፡ ያም ሆኖ በአንዳንድ ነገር ሳይማከሩ ተስማምተዋል፡፡ በአይሪሽ ሰው አይርበውም፤ «ረሃብ በላዬ ነው» ይላል፡፡ ይቅርታ ሲጠይቅም «ቶ ብሮን ኦረም» ነው የሚለው፤ «ኀዘን በላዬ ነው»፡፡ እኛም «ራበኝ»፣ «ጠማኝ»፣ «በረደኝ» ስንል አድራጊው ሌላ ነው፤ እኛ የተደረገብን ነን፡፡ በእንግሊዝኛ «ሃቭ» የሚለው ግስ በሁለቱም ዘንድ የለም፡፡ እኛ «መጽሐፍ አለኝ» እንላለን፤ እነሱም «መጽሐፍ እኔ ዘንድ አለ» ይላሉ፡፡ አይሪሽ ደግሞ ለብቻቸው የሚቆሙ «አዎ» እና «አይ» የሉትም፡፡ «ርቦሃል?» ስትለው የጠየቅክበትን ግስ መልሶ ይሰጥሃል፡፡ መልስ ለመስጠት ጥያቄውን መስማት ግድ ነው፡፡

ወደ ሁለተኛው እህል ልለፍ፤ ወደ እንግሊዝኛቸው፡፡ አንድ አየርላንዳዊ ምሳውን በልቶ እንደጨረሰ «አይም አፍተር ኢቲንግ» ሊል ይችላል፡፡ የለንደን ሰው ሲሰማው ሰውየው ምግብ እያሳደደ ይመስለዋል፡፡ አሁን ገና በልቼ ተነሣሁ ማለቱ ነው፤ አገባቡ በቀጥታ ከአይሪሽ የመጣ ነው፡፡ «ኢዝ ሂምሰልፍ አት ሆም?» ብሎ የሚጠይቅም አለ፡፡ ቃል በቃል «እሱ ራሱ ቤት አለ?» ነው፤ አባወራውን ማለት ነው፡፡ ባሏን በስሟ የማትጠራ የኛ አገር እናት «እሳቸው የሉም» ስትል እሳቸው ማን እንደሆኑ የማያውቅ ጎረቤት አለ? «ግራንድ» የሚለው ቃልም አለላችሁ፡፡ ታላቅ ማለት እንዳይመስላችሁ፤ «ደህና»፣ «ችግር የለም» ነው፡፡ እግሩ የተሰበረውም «ግራንድ» ነኝ ይላል፤ የኛ ሕመምተኛ አልጋ ላይ ሆኖ «ደህና ነኝ» እንደሚለው፡፡ «ክራክ»ን ለጨዋታና ለወሬ ይሉታል፤ «ዋትስ ዘ ክራክ?» ሲሉ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ማለታቸው ነው፡፡ የሚገርመው ቃሉ የመጣው ከእንግሊዝኛና ከስኮትላንድ ወገን ሆኖ ሳለ፣ የአይሪሽ ፊደል አልብሰው የአገር ልጅ አድርገውታል፡፡

ይህን ሁሉ የማወራው ዐዋቂ ለመምሰል አይደለም፡፡ ዕዳ አለብኝ፡፡ ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር በነበረበት ጊዜ የጆን ሚሊንግተን ሲንጅን አንድ ገቢር ተውኔት በየዓመቱ አስተምር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1904 መድረክ ላይ የዋለውን «ራይደርስ ቱ ዘ ሲ»ን፡፡ ሲንጅ በአራን ደሴቶች ሰንብቶ የዓሣ አጥማጆቹን አይሪሽ እየሰማ፣ ያንን አነጋገር ወደ እንግሊዝኛ ያመጣ ሰው ነው፡፡ ተውኔቱ ወንዶች ልጆቿን ባሕር ስለጨረሰባት እናት ነው፡፡ የመጨረሻው ልጇ ወደ ገበያ ሊሻገር ሲነሣ እናቲቱ ተቆጥታ ሳትመርቀው ቀረች፡፡ ሴቶች ልጆቿ ገሠጿት፤ ዳቦውን ይዘሽ ምንጩ ዘንድ ጠብቂና መርቂው ብለው ላኳት፡፡ ልጇ በፈረስ ሲያልፍ ባርኳት አለፈ፡፡ እሷ ግን ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ቀረ፤ አልመለሰችለትም፡፡ ልጁም በባሕር ተበላ፡፡

እኔ ለተማሪዎቼ የማስተምረው ስለ ግሪክ ትራጄዲና ስለ ፈረሶቹ ምልክትነት ነበር፡፡ አንድ ቀን ከገጠር የመጣ፣ ከኋላ የሚቀመጥ ልጅ እጁን አወጣና «መምህር፣ ነገሩ ፈረሱ አይመስለኝም፡፡ ልጁ ሰላም ብሏት አልመለሰችለትም፤ በዚያ ነው ያለቀው» አለ፡፡ ክፍሉ ሳቀ፡፡ እኔም አብሬ ሳቅሁ፡፡ ፈተና ላይ ይህንኑ ጻፈ፤ በቀይ እስክሪብቶ «ዋናውን ነጥብ ስተሃል» ብዬ «ሲ» ሰጠሁት፡፡ ዋናውን ነጥብ የሳትኩት እኔ ነበርኩ፡፡ ያ ልጅ ያደገበት ቤት ሰው ሳይመረቅ መንገድ የማይወጣበት ቤት ነው፤ ለተውኔቱ ከእኔ ይልቅ ይቀርባል፡፡ እኔም ሰላም ተብዬ ያልመለስኩ ሰው ሆኜ ቀረሁ፡፡

አይሪሽም የተጎዳው በዚሁ መንገድ ነው፤ ቃል አጥቶ ሳይሆን መላሽ አጥቶ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1831 የተቋቋሙት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በእንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር፡፡ በየቦታው በልጁ አንገት ላይ ዱላ ይንጠለጠልና አይሪሽ በተናገረ ቁጥር ይፈለፈልበታል፤ በመጨረሻ ፍልፍሉ ተቆጥሮ ልጁ ይቀጣል፡፡ ይህን ያደረገው መምህሩ ብቻ አልነበረም፤ ልጄ እንጀራ ያገኛል ያለ ወላጅም ተባብሯል፡፡ ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1845 የድንች በሽታ ገባ፡፡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በረሃብና በበሽታ አለቀ፤ ከዚያ የማያንስ አገር ጥሎ ወጣ፡፡ ክፉኛ የተመታው ድሃው አይሪሽ ተናጋሪ ነው፡፡ አይሪሽ ተናጋሪዎች ያንን ዘመን «አን ድሮኺል» ይሉታል፤ «ክፉው ሕይወት»፣ «ክፉው ዘመን» ማለት ነው፡፡ የኛም አያቶች ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለቁበትን ረሃብ «ክፉ ቀን» ነው ያሉት፡፡ በ1977 ዓ.ም. ረሃባችንን አይቶ ዓለምን የቀሰቀሰው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ የዚያ አገር ልጅ መሆኑን ሳስብ፣ «ክፉ ዘመን» የሚለውን ቃል መጽሐፏ ውስጥ ፈለግኩት፡፡ የለም፡፡ ኩባያ ላይ የሚጻፍ አይደለማ!

ከረሃቡ በኋላ በብዙ ቤት ባልና ሚስት እርስ በርስ በአይሪሽ እያወሩ ለልጆቻቸው በእንግሊዝኛ መናገር ያዙ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1937 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አይሪሽን የመጀመሪያ የሥራ ቋንቋ አደረገው፤ ከ2007 ጀምሮም የአውሮፓ ኅብረት ቋንቋ ነው፡፡ በ2022ቱ ቆጠራ ወደ 1.9 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው እችላለሁ ብሏል፡፡ ከትምህርት ቤት ውጪ በየቀኑ የሚናገሩት ግን 72 ሺህ ያህል ናቸው፡፡ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ገደል የመላሽ ጉድለት ነው፡፡ ብዙው ሰው ከዓመታት ትምህርት በኋላ ሳይሳሳት የሚያስታውሰው አንድ ዓረፍተ ነገር «ወደ መጸዳጃ ቤት እንድሄድ ይፈቀድልኛል?» የሚለው ነው ብለው ራሳቸው ይቀልዳሉ፡፡ ፈቃድ ከመጠየቅ ያላለፈ ቋንቋ!

ተስፋ የለም አልልም፡፡ በአይሪሽ የተሠራው «ጸጥተኛዋ ልጅ» የተሰኘ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2023 ለኦስካር እስከ መታጨት ደርሷል፡፡ ቋንቋ ግን በሽልማት ብቻ አይኖርም፡፡ «ሰው በሌላው ሰው ጥላ ሥር ይኖራል» የሚል አባባል አላቸው፡፡ መጽሐፏ «ትብብር ጥሩ ነው» ብላ ፈታዋለች፡፡ ጥላው የት ገባ? እኛ «ጥላ ከለላ» የምንለው ያ ጥላ? ማንም ያለ ሌላው ፀሐዩን አይችልም ነው የሚለው፡፡ ቃልም እንደዚያው ነው፡፡

አሁን ወደ ልጅቱ ልመለስ፡፡ በነጋታው ጠዋት እነሱ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ፡፡ አያቷ «የኔ እመቤት፣ እንደምን አደርሽ?» አሏት፡፡ ልጅቱ ከስልኳ ቀና ሳትል «ጉድ» አለች፡፡ እናቷ አንገቷን ደፋች፡፡ «ትሰማለች ጋሼ፤ መመለሱን ነው እምቢ ያለችው፡፡» በዋሽንግተንም፣ በስቶክሆልምም ስንት ቤት ይህ እንደሚባል ታውቃላችሁ፡፡ ለ«ዲያ ግዊት» ሙሉ መልስ ያላት ልጅ ለገዛ አያቷ መልስ አልነበራትም፡፡ ጥፋቱ የእሷ ነው አልልም፤ ያኛውን ያስጠናት አለ፤ ይህኛውን ማንም ቁጭ ብሎ አላስጠናትም፡፡

«ዲያ ግዊት» አልኳት፡፡ ስልኳን አስቀመጠች፡፡ «ዲያስ ሙዊራ ዲት!» አለችና አነጋገሬን አረመችልኝ፡፡ በእናቷ አስተርጓሚነት፣ አማርኛም እንዲሁ ጨምሮ የሚመልስ ቋንቋ ነው፤ አያትሽ ሲጠይቁሽ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትያለሽ፤ ከዚያ መልሰሽ እሳቸውን ትጠይቂያለሽ አልኳት፡፡ «ከኛው ይረዝማል» አለች፡፡ «ከኛው» ያለችው አይሪሽን ነው፡፡

ሦስት ጊዜ ሞከረች፡፡ በመጨረሻ ወደ አያቷ ዞራ «እግዛብሄር ይመስገን፤ እንደምን አደሩሽ?» አለች፡፡ እናቷ ልታርማት አፏን ስትከፍት አያቷ በእጃቸው ዝም አሰኟት፡፡ አየርላንዶች «የተሰበረ አይሪሽ ከብልጥ እንግሊዝኛ ይበልጣል» ይላሉ፡፡ አሮጊቷ ይህን አባባል አያውቁትም፡፡ ስኒያቸውን ረከቦቱ ላይ አኖሩና «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና አደርኩልሽ የኔ ልጅ» ብለው መለሱላት፡፡