ሁለት ሚዛን በአንድ እጅ

የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በ1955 ዓ.ም. ታትሞ ሲታገድ፣ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 የንግግርንና የጽሑፍን ነፃነት ካረጋገጠ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር። የዘውዱን ሥርዓት በጨቋኝነት ያወገዘው ደርግም በተራው የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በታተመ ማግሥት ከገበያ ሰበሰበ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ።

የእምነቱም ጉዳይ ከዚህ አይለይም። የሃይማኖት እኩልነትን ያወጀው ይኸው መንግሥት፣ ከመንበራቸው ያወረዳቸውን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስንና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩትን ቄስ ጉዲና ቱምሳን በ1971 ዓ.ም. ገደለ።

ዳሩ ግን ሁለት ሚዛን የሚይዙት መንግሥታት ብቻ አይደሉም። ዛሬም ብዙው ሰው የሚያለቅሰው ለራሱ ወገን ሟች ነው። በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ደጅ ለፓትርያርኩ የሚያነባ ምእመን የቄሱንም ስም ሊያነሣ፣ የቄሱም ተከታይ እንዲሁ ሊያደርግ ይገባል። «ኦሮማይ»ን የሚያወድስ ሐያሲም የሚጠላው መጽሐፍ ሲታገድ ብዕሩን ካላነሣ ከአድርባይነት አይድንም፤ የተከላከለው ወገኑን እንጂ ነፃነትን አይደለምና።