የሚያሳምን ብረት

የሠሪዎቹ እጅ ይባረክ! ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኦሎምፒክና ሮበርትሰን መንገዶች የሚገናኙበት ጥግ ላይ ያለው ነዳጅ ማደያ ግሩም የእጅ ሥራ ነው። ከፌርፋክስ፣ ከኢትዮጵያውያን ሰፈራችን፣ በኦሎምፒክ ወደ ምዕራብ ጥቂት ደቂቃ ቢነዱ ይገኛል።

ጣሪያው በሦስት ማዕዘን ከተቆረጠ የማይዝግ ብረት የተገጣጠመ ነው። ምሰሶው የት እንዳበቃ፣ ጣሪያው የት እንደጀመረ አይለይም፤ ብረቱ ከመሬት ተነሥቶ እንደታጠፈ ወረቀት እየተሰበረ ወደ ላይ ይሰፋል። ቁርጥራጮቹ በየራሳቸው አቅጣጫ ስላዘነበሉ የቀኑ ብርሃን በአንዱ ላይ ሲደምቅ በጎረቤቱ ላይ ይደበዝዛል። ለአናቱም ሶላር ፓነልና ድርቅ የሚችሉ ዕፅዋት ተመርጠውለታል።

«ሄሊዮስ ሃውስ» ብሎ እ.ኤ.አ. በ2007 የከፈተው የነዳጅ ኩባንያው ቢፒ ነው። የነደፉት ኦፊስ ዲኤ እና ጆንስተን ማርክሊ የተባሉ የሥነ ሕንፃ ቢሮዎች ሲሆኑ፣ በሐሳቡ ውስጥ ኦግልቪ የተባለው የማስታወቂያ ድርጅት እጁ አለበት። ቢፒ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ «ከነዳጅ ባሻገር» እያለ ራሱን ሲያስተዋውቅ ቆይቶ ነበር፤ ማደያው ያንን መፈክር በብረት አቆመው።

ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2006፣ የካሊፎርኒያ መራጭ ሌላ ዓይነት ማስታወቂያ አይቶ ነበር። ለሕዝብ ድምፅ የቀረበው ፕሮፖዚሽን 87 በግዛቲቱ በሚወጣ ድፍድፍ ነዳጅ ላይ ክፍያ ጥሎ 4 ቢሊዮን ዶላር ለአማራጭ ኃይል ሊያውል ነበር። የነዳጅ ኩባንያዎች ከ90 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፍስሰው ቤንዚን ይወደዳል እያሉ ተሟገቱ፤ ሕዝቡም ሐሳቡን ጣለው።

ያኛው ማስታወቂያ በስጋት ሲገፋ፣ ሄሊዮስ በውበት ይስባል። የበለጠ የሚያሳምነውም ውበቱ ነው፤ ሥራው የምር ነውና። ብረቱ በጥንቃቄ ተቆርጧል፤ ሶላሩም ሶላር ነው። ሰው ከሥሩ ቆሞ ሲቀዳ በጣሪያው ላይ ያየውን ንጽሕና ሳያስበው ለሚገዛው ነገር ይሰጠዋል። ወደ መኪናው የሚገባው ግን ሌላው ማደያ የሚሸጠው ያው ቤንዚን ነው።

ስለዚህ ምስጋናው ለቆረጠው፣ ለገጠመውና ለነደፈው ይድረስ። ኩባንያን የምንመዝነው ግን በሚሸጠውና ገንዘቡን በሚያውልበት ነው። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ፣ የትኛውን የኤሌክትሪክ መኪና እንግዛ ብሎ ከአዲስ አበባ ለሚደውል ዘመድም ምክሩ ይኸው ነው፤ የማስታወቂያውን ውበት አድንቅ፤ ከመክፈልህ በፊት ግን ባትሪው በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያስኬድ፣ ሲበላሽም ማን እንደሚጠግነው ጠይቅ።