190 ብቻውን ምንም አይልም

ባለፈው ዓመት በእጅ የሚያዝ የሚቴን መለኪያ ይዤ ከሩቅ ወደ አንድ የባዮጋዝ ማብላያ ግድግዳ አነጣጠርኩ። ስክሪኑ ላይ 190 መጣ። ደስ ብሎኝ "ጋዙ የሚያፈተልክበትን አገኘሁ" ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ተሳስቼ ነበር።

መሣሪያው አልዋሸም። 1653 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለው፣ ለዓይን የማይታይ የሌዘር ብርሃን ይልካል፤ ሚቴን ይህን ብርሃን ይመጠዋል። ብርሃኑ ግድግዳ ነክቶ ሲመለስ ምን ያህል እንደጎደለ ይሰላል። ስለዚህ የሚቆጠረው በመንገዱ ላይ ያለው ሚቴን በሙሉ ነው፤ መለኪያውም ፒፒኤም ሳይሆን ፒፒኤም ሲባዛ በሜትር ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። ተራ የውጭ አየር 1.9 ፒፒኤም ገደማ ሚቴን አለው። 50 ሜትር የራቀ ግድግዳ ላይ ብታነጣጥሩ ብርሃኑ ደርሶ መልስ 100 ሜትር ይጓዛል፤ ውጤቱ 190። ምንም ያፈተለከ ጋዝ የለም! አሁን ደግሞ ቱቦው አጠገብ፣ ሁለት ሜትር ላይ ቁሙ። በመሃል 1 ሜትር ውፍረት ያለው፣ 95 ፒፒኤም የሆነ የጋዝ ደመና አለ እንበል። ብርሃኑ ሁለቴ ያቋርጠዋል፤ ውጤቱ ያው 190 አካባቢ።

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ይህ ቁጥር በሪፖርትና በገለጻ ላይ ርቀቱ ሳይጠቀስ ይቀርባል፤ አንዳንዴ "ሜትር" የምትለዋ ተቆርጣ ተራ ፒፒኤም ይሆናል። ይባስ ብሎ ትልቅ ቁጥር ማለት ብዙ ልቀት ተደርጎ ይወሰዳል። ነፋስስ? ጸጥ ባለ ጠዋት ጥቂት ጋዝ ተጠራቅሞ ትልቅ ቁጥር ይሰጣል፤ ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ብዙውም ተበትኖ ትንሽ ይመስላል እኮ።

በ2015 (እ.ኤ.አ.) በካሊፎርኒያ አሊሶ ካንየን ከጋዝ ማከማቻ ጉድጓድ ሚቴን ማፈትለክ ሲጀምር፣ ተመራማሪዎች በሌዘር የሚሠራ መለኪያ ትንሽ አውሮፕላን ላይ ጭነው ነፋሱ ጋዙን በሚወስድበት በኩል ደጋግመው በረሩ። በጠቅላላው 97,000 ቶን ገደማ ወጥቷል ለማለት የቻሉት የጋዙን መጠን ከነፋሱ ፍጥነት ጋር አብረው ስላሰሉ ነው።

እኛ አውሮፕላን የለንም፤ እስክሪብቶ ግን አለን። ከቁጥሩ ጎን ርቀቱን፣ ነፋሱንና ሰዓቱን እንጻፍ። ሚቴን በ20 ዓመት ስሌት፣ በክብደት እኩል ከሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 ጊዜ ያህል ያሞቃል። የጥገናውን ገንዘብ ደህና ቱቦ ላይ ስናጠፋ፣ የተቀደደው እዚያው ሆኖ ጋዙን ይለቃል።

የኔ 190ስ? ርቀቱን ተመልሼ ለካሁት፦ 50 ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው።