በፍላሺንግ የሺአን ኑድል

የኒው ዮርክ ምድር ባቡር 7 ቁጥር መስመር የሚያልቀው ኩዊንስ ውስጥ፣ ፍላሺንግ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እዚሁ ሰፈር ተጀምሮ በአንድ የገበያ ሕንፃ ምድር ቤት ስሙን ያስጠራውን «ሺአን ፌመስ ፉድስ»ን የመሰለ ምግብ ቤት እጅግ እወዳለሁ። የጠረጴዛ ልብስ የለ፣ ወግ የለ፤ ባንኮኒው ላይ አዝዞ፣ ተራ ሲደርስ ተቀብሎ መብላት ነው።

ዋናው ነገር ሊጡ ነው። አብሳዩ ዘይት የተቀባውን ቁራጭ ሁለት ጫፉን ይዞ ይስበዋል፤ እየሳበም ጠረጴዛው ላይ ጧ! ጧ! ያደርገዋል። ከዚያ መሃሉን ሰንጥቆ በቀጥታ ወደሚፈላው ውኃ። የሚወጣው ኑድል እንደ ቀበቶ ሰፊ ነው፤ ዳሩ ወፈር፣ መሃሉ ሳሳ ያለ፣ ጥርስ ላይ የሚታገል። በላዩ በከሙንና በቃሪያ የተጠበሰ የበግ ሥጋ፣ ቀይ የበርበሬ ዘይትም ይፈስበታል። በግና ከሙን የተገናኙት በአጋጣሚ አይደለም፤ የቻይናዋ ከተማ ሺአን የሐር መንገድ የምሥራቅ ጫፍ ነበረች፣ ሙስሊሞችም ለዘመናት ኖረውባታል። አሜሪካ ለረጅም ጊዜ የቻይና ምግብ ብላ የምታውቀው በአብዛኛው የደቡቡን፣ ያውም ለራሷ ምላስ የተጣፈጠውን ነበር። እዚህ ግን ቅመሙ ለማንም ተብሎ አልተቀነሰም።

ታዲያ በትኩሱ ነው፤ ቤት ልውሰደው ያለ ሰው ኑድሉ ይጣበቅበታል።

ለጾመኛ ደግሞ ሊያንግፒ አለ፦ ሊጥ በውኃ ታጥቦ ከሚዘቅጠው ስታርች የሚሠራ፣ በኮምጣጤና በበርበሬ ዘይት የራሰ ቀዝቃዛ ኑድል። ከእጥበቱ የተረፈው ሊጥም በእንፋሎት በስሎ ይጨመርበታል፤ መረቁን ጥርግ አድርጎ የሚመጠው እሱ ነው።