ሰዓት የሚገደለው ከፊሽካው በፊት ነው

ኅዳር ላይ ሰቆጣ ውስጥ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ሳይሞላ ነው። ከዚያ ወዲያ ኳስ አጥርቶ የሚታየው ቢበዛ ለ20 ደቂቃ ያህል ነው፤ የምናጫውትበት ሜዳ ደግሞ መብራት የለውም። የሰፈርና የቀበሌ ውድድር የሚዳኝ ሰው ይህንን ከሕጉ መጽሐፍ እኩል ማወቅ አለበት። እስቲ ሁለት ጨዋታ የተያዘለትን ቀን እናስላ። የመጀመሪያው 8 ሰዓት ይጀምራል። ጨዋታው 90 ደቂቃ፣ እረፍቱ 15፣ የባከነው ሲጨመር 10 ደቂቃ ቢሆን፣ 9 ሰዓት ከ55 ላይ ያበቃል። ሁለተኛው 10 ሰዓት ተጀምሮ 11 ሰዓት ከ55 ያልቃል። ወረቀት ላይ ያምራል። ነገር ግን የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ከዘገየ የሁለተኛው ጨዋታ የመጨረሻ ግማሽ ሰዓት የሚውለው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። በረኛው የማያየውን ኳስ ይይዛል፣ መስመር ዳኛው የማያየውን ከጨዋታ ውጪ ይፈርዳል፣ ጠቡም ከዚያ ይነሣል።

ሰዓት ስለመግደል ሲወራ ሁሉም የሚያስበው በረኛውን ነው። እውነት ነው፣ አንድ ለዜሮ የሚመራ ቡድን በረኛ ሥራውን ያውቅበታል። የመልስ ምት ሲያገኝ ኳሷን በቀኝ በኩል ያስቀምጣል፤ አፈሩን በእግሩ ያስተካክላል፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሐሳቡን ይቀይርና ኳሷን አንሥቶ ወደ ግራ ይወስዳታል። ከዚያ የታኬታው ማሰሪያ ይፈታል። ተመልካቹ ሲጮህ እጁን ዘርግቶ «ምን አጠፋሁ?» ይላል። እንዲህ ያለ ልጅ ሲያጋጥመኝ ካርድ ለማውጣት አልቸኩልም። ገና በ20ኛው ደቂቃ፣ ውጤቱ እኩል ሳለ፣ አጠገቡ ደርሼ «ጎበዝ፣ ኳሷን ካስቀመጥክበት ምታት» እለዋለሁ። «እሺ ጋሼ» ይላል። አምበሉንም ጠርቼ ያንኑ ቃል እነግረዋለሁ። በ85ኛው ደቂቃ ቢጫ ካርድ ባወጣ፣ ቀድሞ የሰማው ነገር ስለሆነ፣ «ዳኛው ለእነሱ አደላ» የሚል ሰው ያንሳል። በ20ኛው ዝም ብሎ በ85ኛው የሚቆጣ ዳኛ ግን ሕጉ ከጎኑ ቢሆንም የሚሰማው የለም።

በቅርቡ የወጣው የበረኛ ሕግ ደስ ያሰኘኝም በዚሁ ምክንያት ነው። ቀድሞ በረኛ ኳስ በእጁ ይዞ ከ6 ሰከንድ በላይ ከቆየ በሳጥኑ ውስጥ ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ይሰጥበት ነበር። ቅጣቱ ከጥፋቱ በላይ ስለከበደ ዳኞች አይነፉትም፤ በረኞችም ይህን ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. ከ2025/26 የውድድር ዘመን ወዲህ ጊዜው 8 ሰከንድ ሆኖ ቅጣቱ ወደ ማዕዘን ምት ቀለለ፤ ዳኛውም የመጨረሻዎቹን 5 ሰከንዶች እጁን አንሥቶ በጣቱ ይቆጥራል። ቀላል ነገር ግን የማይቀር ቅጣት፣ ሁሉም በዓይኑ እያየው የሚቆጠር። ለሰፈር ውድድር ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም።

ሆኖም ብዙው ሰዓት የሚጠፋው በረኛው እጅ ላይ አይደለም። ፊሽካው ከመነፋቱ በፊት ነው። የተጫዋቾች ዝርዝር በሰዓቱ አይቀርብም። የሁለቱም ቡድን ማሊያ አንድ ዓይነት ቀለም ሆኖ ይገኝና ቅያሬ ሊያመጣ ሰው ይላካል። የክብር እንግዳው እስኪመጡ ይጠበቃል፤ ሲመጡም ንግግር አለ። ኳሷ አንዲት ብቻ ናት፤ የደጋ ሜዳ ደግሞ ከአንድ ወገኑ ቁልቁለት ካለው፣ ወጥታ የተንከባለለችውን ተከትሎ የሚሮጥ ልጅ እስኪመለስ ሃያ ሁለት ሰው ወገቡን ይዞ ይቆማል። ቡድናቸው መምራት ሲጀምር ደግሞ ኳስ አቀባዮቹ ልጆች አንድ በአንድ ይጠፋሉ። ይህን ሁሉ በረኛው አላመጣውም።

ጎልፍ ለእኛ ሩቅ ስፖርት ነው፤ የአማተር ጎልፍ ውድድር አዘጋጆች ግን ይህንኑ ነገር ከእኛ በፊት ደርሰውበታል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የጠፋ ኳስ መፈለጊያ ጊዜ ከ5 ደቂቃ ወደ 3 ደቂቃ ተቀንሷል፤ ተጫዋች ተራው ከደረሰ በኋላ በ40 ሰከንድ ውስጥ እንዲመታም ይመከራል። ይህ ብቻውን አልበቃም። ምድቦቹ ተቀራርበው ከተለቀቁ ተጫዋቹ ምንም ቢፈጥን ከፊቱ ያሉት እስኪለቁለት ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ በመነሻው ላይ በምድብና በምድብ መካከል ያለውን ደቂቃ ማስፋት ተጫዋቹን ከመገሠጽ ይልቅ ይሠራል። የእኛም ጉዳይ ከዚህ የተለየ አይደለም። መዘግየት የሚጀምረው መርሐ ግብሩ ሲጻፍ ነው።

የሚያሳዝነኝ ዕዳውን የሚከፍለው ያላጠፋው መሆኑ ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ ሰዓት የገደለ ቡድን አሸንፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሁለተኛዎቹ ግን ከ9 ሰዓት ጀምሮ ሰውነታቸውን አሟሙቀው፣ መልሶ በርዷቸው፣ ከዚያ በጨለማ ይጫወታሉ። ከከተማው ወጣ ካለ ቀበሌ በእግራቸው የመጡ ልጆች በዋግ ዳገትና ቁልቁለት በሌሊት ይመለሳሉ። እናቶቻቸው ደጅ ላይ ሆነው ይጠብቃሉ። ዳኛ በሰዓት ጉዳይ ሲጨክን የሚጨክነው ለእነዚህ ልጆች ብሎ ነው።

የጥንቱ የገና ጨዋታ ሰዓት ቆጣሪ አያስፈልገውም ነበር፤ ሲመሽ ያበቃል፣ ያም ለሁሉም እኩል ነው። ነጥብና ዋንጫ ያለበት እግር ኳስ ግን በመሸ ጊዜ ሊቆም አይችልም፤ ከቆመ ክርክሩ ሳምንት ይፈጃል።

ሕጉ መውጫ አለው። የውድድሩ ደንብ ከፈቀደና ከጨዋታው በፊት ስምምነት ከተደረገ ሁለቱም አጋማሽ እኩል ሊያጥሩ ይችላሉ። 40፣ 40 ደቂቃ ተጫውተን 10 ደቂቃ ብናርፍ፣ የባከነው 8 ደቂቃ ቢጨመር፣ 8 ሰዓት የተጀመረው 9 ሰዓት ከ38 ላይ ያልቃል። ሁለተኛው 9 ሰዓት ከ50 ተነሥቶ 11 ሰዓት ከ28 ላይ ይቋጫል፤ 25 ደቂቃ ያህል ብርሃን ይተርፈናል። አንዳንድ አሠልጣኝ «ሙሉ ጨዋታ አልተጫወትንም» ይላል። በብርሃን የተጫወቱት 80 ደቂቃ በጨለማ ከተፈጸመ 90 ይበልጣል፤ በዚህ አልከራከርም። ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ግን አጋማሹን ማሳጠር ክልክል ነው፤ የመጀመሪያው አጋማሽ ላይ የተሳሳተ ሰዓት አያያዝም በሁለተኛው አይካካስም። ስለዚህ ውሳኔው ቀድሞ ይወሰን፣ ይጻፍ፣ ለአምበሎቹም ይነበብላቸው።

ውድድር ለምታዘጋጁ ወንድሞችና እኅቶች የምለምነው ይህን ነው። ሦስት ኳስ አቅርቡ። የማሊያውን ቀለም ከዋዜማው ጨርሱ። የክብር እንግዳው ንግግር ከዋንጫው ርክክብ ጋር ይሁን። 8 ሰዓት ብላችሁ ከጻፋችሁ ደግሞ 8 ሰዓት ላይ እንድነፋ ፍቀዱልኝ፤ ያልደረሰውን ቡድን ደንቡ የሰጠውን ደቂቃ ብቻ ጠብቀን በፎርፌ እንለፈው። የበረኛውን ነገር ለእኔ ተዉት።