ሳይናገሩ መውደድ

አዲስ አበባ ሲኒማን የተቀበለችው በእርግማን ነው። የመጀመሪያውን የፊልም ማሳያ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» አለው። ግድግዳ ላይ የሚራመድ፣ የሚስቅ፣ ፈረስ የሚጋልብ፣ ግን ትንፍሽ የማይል ጥላ ከማን ወገን እንደሆነ ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም ነበራ! ስለ ስሙ ብዙ ተብሏል። እኔን የሚገርመኝ ግን ዝምታው ነው። በዚያ ዘመን ፊልም በመላው ዓለም ድምፅ አልነበረውም። ድምፅ ከምስል ጋር ተቆራኝቶ ገበያውን መውረር የጀመረው ከ1927 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ስለዚህ ያ «ሰይጣን» በመሐል ብልጭ ከሚሉት ጽሑፎች በቀር ለአዲስ አበባ ሰውም፣ ለፓሪስ ሰውም፣ ለቴክሳስ ከብት ጠባቂም እኩል ዲዳ ነበር።

የካውቦይ ፊልም ሲባል አንባቢ ሽጉጥና አቧራ እንደሚታየው አውቃለሁ። በቪዲዮ ቤቶቹ ዘመን፣ እዚህ ጉለሌ፣ እንግሊዝኛው ሳይገባን «አክተሩ» ማን እንደሆነ ከኮፍያው አደራረግ ለይተን፣ ማን ማንን እንደወደደ ከዓይኑ አንብበን የወጣን ብዙ ነን። ለኛ ድምፅ ያለውም ፊልም ድምፅ አልባ ነበር ማለት ይቻላል። ከቪዲዮ ቤት የወጣ ልጅ ላላዩት ጓደኞቹ ታሪኩን ሲተርክ ሰዎቹ የተባባሉትን ሁሉ ከራሱ ፈጥሮ ይጨምርበት ነበር፤ ፍቅሩን ግን አይስተውም።

ይህ እንዲሁ የሆነ አይመስለኝም። ካውቦይ መተኮስ አይቸግረውም። የሚቸግረው መውደዱን መናገር ነው። የዘውጉ ጀማሪዎች ይህን ያገኙት ቀስ ብለው ነው። «ታላቁ የባቡር ዘረፋ» የተባለው የ1903ቱ የኤድዊን ፖርተር ፊልም 12 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ዘረፋ አለው፣ ማሳደድ አለው፣ ፍቅር የለውም። ፍቅር የገባው ፊልሙ ሲረዝም ነው። በ1914 ሲሲል ዴሚል ከኦስካር አፕፌል ጋር ባዘጋጀው «ዘ ስኳው ማን» አንዲት የቀይ ሕንዶች ልጅ እንግሊዛዊውን ከሞት ታድናለች፣ ልጅ ትወልድለታለች፣ በመጨረሻ ራሷን ታጠፋለች። ሬድ ዊንግ የምትባለው ተዋናይት ራሷ ከዚያው ከነባሩ ሕዝብ የተወለደች ነበረች። ነጮቹ ፍቅረኞች ወደ ጎጇቸው ሲገቡ ሌላዋ ወደ መቃብር የምትሄድበት ይህ ልማድ ከዘውጉ ጋር ብዙ ዘመን ኖሯል። የነዚያን ፊልሞች ውበት የምናደንቅ ሰዎች ይህን ቶሎ ባንረሳው ጥሩ ነው።

ዊልያም ሃርት የተለየ ሰው ነበር። የቲያትር ተዋናይ ሆኖ ዕድሜውን ከጨረሰ በኋላ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ሲል ወደ ፊልም ገባ። ፊቱ ረጅም፣ የደረቀ፣ እንደ ቆዳ የተወጠረ ነው። በ1916 በወጣው «ሄልስ ሂንጅስ» ውስጥ ወደ ከተማው የሚመጣውን ቄስ እንዲያባርር ይላካል። የቄሱን እኅት ያያታል፤ ይቆማል። አያወራም፣ አይስቅም፣ ኮርቻ ላይ ያደገው ሰውነቱ የት እንደሚቀመጥ ይጠፋዋል። ያቺ ቅጽበት ትበቃ ነበር። አዘጋጆቹ ግን አላመኗትምና ክፉ ሰው ደግ ነገርን ለመጀመሪያ ጊዜ እያየ መሆኑን የሚነግረን ጽሑፍ አስገቡ። ፊቱ የነገረንን እንደገና ሊነግሩን! ይህ በሽታ በድምፅ አልባው ዘመን እንኳ እንደነበረ ማየት ዛሬ በኛ ፊልሞች ላይ ለምንበሳጨው ሰዎች ትንሽ ማጽናኛ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ልናገርለት የፈለግሁት ፊልም በ1928 የወጣው «ነፋሱ» ነው። ስዊድናዊው ቪክቶር ሾስትሮም አዘጋጀው፤ ፍራንሲስ ማሪዮን ከዶሮቲ ስካርቦሮ ልብ ወለድ ቀድታ ለፊልም ጻፈችው፤ ሊሊያን ጊሽ መሪዋ ተዋናይት ናት። ባሏን ሆኖ የሚጫወተው ላርስ ሃንሰንም ስዊድናዊ ነው። ቃል በማይሰማበት ዓለም የአፍ ጠረን አያሳፍርም፤ ስዊድናዊ የቴክሳስ ካውቦይ ቢሆን የሚታዘበው የለም።

ሌቲ የምትባል ልጅ ከለምለሟ ቨርጂኒያ በባቡር ተነሥታ የአጎቷ ልጅ ወደሚኖርበት በረሃ ትመጣለች። ነፋሱ ሌት ተቀን አሸዋ ይዞ ይነፍሳል። ቀረጻው የተካሄደው በካሊፎርኒያው ሞሃቬ በረሃ ነው፤ አሸዋውን ፊቷ ላይ እንዲያፍሱባት የአውሮፕላን ሞተሮች ተገትረው ነበር። የአጎቷ ልጅ ሚስት ትቀናባታለች፣ ትጠላታለች። ይህን የሚነግረን ስድብ አይደለም፤ የታረደ ከብት ነው። ሴትዮዋ እጇን ደም ነክሮት ሥጋ ትበልታለች፤ ሌቲ እዚያው ልብስ ትተኩሳለች፤ ልጆቹ እናታቸውን ትተው ወደ ሌቲ ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ለምን ከቤት እንደምትባረር የሚጠይቅ ተመልካች የለም። መሄጃ ስታጣ ቀድሞ የሳቀችበትን ላይጅን ታገባለች።

የሠርጉ ሌሊት በፊልም ካየኋቸው ሌሊቶች ሁሉ ይበልጥብኛል። ላይጅ ቡና አፍልቶ ያመጣላታል። እሷ ቀምሳ፣ እሱ ሳያይ፣ ትደፋዋለች። ከዚያ ካሜራው ወደ ወለሉ ይወርዳል። የሱን ጫማ እናያለን፤ ይራመዳል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል። የሷን ጫማ እናያለን፤ በሌላው ክፍል እንዲሁ ይንቆራጠጣል። በመሐሉ አንድ በር አለ። ፊታቸውን ባናይ ምን አጎደለብን? በመጨረሻ ይገባል፣ በግድ ይስማታል፤ እሷ አፏን በእጇ ትጠርጋለች። ያ መጥረግ እንደ ጥይት ይመታዋል። ሁለተኛ እንደማይነካት፣ ወደ አገሯ የምትመለስበትን ገንዘብ ሠርቶ እንደሚያመጣ ይነግራትና ይወጣል። የፊልሙ ፍቅር እውነት ሆኖ የሚጀመረው በዚህ ነው። ሰውየው የሚወዳት በመሳሙ ሳይሆን በሩን ዘግቶ በመውጣቱ መሆኑን ሾስትሮም ያወቀ ይመስለኛል።

ይህን ፊልም ጉለሌ ቤቴ ውስጥ ለጎረቤቶቼ አሳይቼ ነበር። አንዲት እናት፣ በወጣትነታቸው ከእንጦጦ እንጨት እየተሸከሙ ልጆች ያሳደጉ፣ ባህር ዛፉን የሚያጎብጠውን የዚያን ተራራ ነፋስ ከማንም በላይ የሚያውቁ፣ ቡናው ሲደፋ «አይ! ቡናውንስ ባትደፋበት» አሉ። የማያውቁትን ሰው አግብተው ቤቱ የገቡት በልጅነታቸው ነው። ሰውየው በሩን ዘግቶ ሲወጣ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና «ጨዋ ልጅ ነው» ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚህ የበለጠ ሂስ ስለዚያ ትዕይንት አላነበብሁም።

ነገሩ ለኛ እንግዳ ያለመሆኑ ነው የሚያሳዝነኝ። መውደድን በምስል መናገር የሚችል ሕዝብ ካለ እኛ ነን። በጥምቀት ጃን ሜዳ ላይ ሎሚ ከእጅ ወጥቶ ደረት ላይ እስኪያርፍ ያለውን ርቀት አስቡት! ወርዋሪ አለ፣ ዒላማ አለ፣ ዙሪያውን የሚዘፍን ሕዝብ አለ፤ ቃል የለም። ነጠላ ወደ አፍ ሲሳብ፣ ዓይን መሬት ሲያይ፣ ቡና ሲቀዳ ሲኒው ትንሽ ሲዘገይ፣ ይህ ሁሉ ለካሜራ የተዘጋጀ ነው። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ወዲህ የአዲስ አበባን ሲኒማ ቤቶች ከሞሉት የፍቅር ፊልሞች ብዙዎቹ ግን ሁለት ሰዎችን ካፌ አስቀምጠው ያናግራሉ። ይወዳታል፤ «እወድሻለሁ» ይላታል። አልሰማነው እንደሆነ ለጓደኛው በስልክ ይደግመዋል። ያም ካልበቃ ዘፈን ከበስተኋላ ይገባል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትሰሟቸው የሚቀርባችሁ ነገር የለም፤ ጥሩ የሬዲዮ ድራማ ናቸው። የገንዘብ እጥረት ነው የሚሉ አሉ። ጫማ ለማንሳት ስንት ብር ይፈጃል?

ፈረስን እንውሰድ። በካውቦይ ፊልም ሴቲቱን አፈናጥጦ የሚጋልብ ሰው ፍቅረኛ ነው፤ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ሙዚቃው ይደምቃል። በዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ «ድፍረት» (2014 እ.ኤ.አ.) ውስጥም ሜዳ አለ፣ ፈረሶች አሉ፣ ጠመንጃ አለ። ከትምህርት ቤት የምትመለስ የ14 ዓመት ልጅ በፈረሰኞች ትከበባለች። ጠለፋ ነው። ምስሉ አንድ ነው፤ ካሜራው የቆመው ግን ከልጅቱ ጋር ነው። ስለዚህ የፈረሱ ኮቴ ያስፈራል። ፊልሙ በኋላ ወደ ፍርድ ቤትና ወደ ክርክር ሲገባ ንግግሩ የግድ ነው፤ ጉዳዩም በ1980ዎቹ መጨረሻ በእርግጥ ከተፈጸመ ታሪክ የተነሣ ነውና አልፈርድበትም። ሆኖም ከሁሉም በላይ በልቤ የቀረው ያ ሜዳ ነው። «ነፋሱ»ን ካየ በኋላ «ድፍረት»ን የሚያይ ሰው ላይጅ ዘግቶት የወጣው በር ስንት እንደሚመዝን ይገባዋል።

ስለ «ነፋሱ» አጨራረስ ክርክር አለ። ሌቲ ሊደፍራት የመጣውን ሰው ገድላ አሸዋ ውስጥ ትቀብረዋለች፤ ነፋሱ አሸዋውን እየጠረገ ይገልጠዋል። በልብ ወለዱ አብዳ ወደ ማዕበሉ ሮጣ ትጠፋለች። በፊልሙ ላይጅ የዱር ፈረስ አድኖ ገንዘቡን ይዞ ይመለሳል፤ እሷ ግን መሄዱን ትተዋለች፤ በሩን ከፍተው ሁለቱም ነፋሱን ፊት ለፊት ይጋፈጡታል። ብዙዎች ይህን ለገበያ የተሰፋ እራፊ ነው ይሉታል። ገበያውም አልቀናው፤ ፊልሙ ከስሯል። እኔ ከሁለቱ የፊልሙን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴም በሩ ነው። በሠርጉ ሌሊት በመሐላቸው የተዘጋው በር አሁን አብረው የሚቆሙበት ሆኗል። የመጨረሻው ንግግራቸው ግን ረዝሞብኛል፤ ጽሑፎቹን ግማሽ በግማሽ ቢቀንሷቸው ደስ ባለኝ።

የፊልሙ የባለቤትነት መብት አሜሪካ ውስጥ በ2024 መባቻ አብቅቷል። ድምፅ አልባ ፊልም በየአገሩ ሲታይ አዳራሹ ውስጥ ሙዚቀኛ ይቀመጥለት ነበር። ከአዳራሾቻችን አንዱ ለአንድ ምሽት ቢከፍተውና አንድ ጥሩ ማሲንቆ መቺ ቢያጅበው ከጉለሌ በእግሬ እወርዳለሁ። አንድ ልመና ብቻ አለኝ፤ ቡናው ሲደፋ ማሲንቆው ዝም ይበል።